የዱር አራዊት መልክ በብር መሐለቅ ላይ፦ በማን እጅ?

በብራና ላይ የተሣለ ሥዕል የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። በቤተ መቅደስ ወይም በአዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሣለውን ወደ ሥፍራው የሄደ ሁሉ ያየዋል። በመሐለቅ ላይ የተቀረጸው ሥዕል ግን ራሱ ወደ ሰው ይሄዳል። ገበሬው ጨው ሲሸምት፣ ተማሪው እርሳስ ሲገዛ፣ እናት ለልጇ ዳቦ ስትገዛ ቅርጹ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ማንበብ የማይችለውም በጣቱ ዳብሶ ይለየዋል። ከሥነ ጥበብ ዘርፎች መካከል እንደ መሐለቅ ቅርጽ ወደ ሰፊው ሕዝብ የሚደርስ እምብዛም አይገኝም። ስለሆነም በመሐለቅ ላይ የሚታየውን ምስል ማን ሣለው፣ የት ተመታ፣ በማንስ እጅ ገባ ብሎ መጠየቅ ለባንክ ሠራተኛ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። የሠዓሊው፣ የመምህሩና የባህል ሠራተኛው ጥያቄም ነው።

ጥያቄው ዛሬ መነሣት የሚገባው የዱር አራዊት መልክ የተቀረጸባቸው የብር መሐለቆች በዓለም ገበያ ስለበዙና ሰብሳቢዎቻቸውም ስለበረከቱ ነው። አሠራራቸው አስቀድሞ ይታወቅ። አብዛኞቹ አንድ ትሮይ አውንስ፣ ማለትም 31.1 ግራም ያህል ይመዝናሉ፤ ብራቸው ከ1000 እጅ ቢያንስ 999 እጁ ንጹሕ ነው። በአንደኛው ገጽ የአገር ስምና የገንዘብ መጠን፣ በሌላው ገጽ አንድ አውሬ ወይም ወፍ ይታያል። ይሁን እንጂ በተጻፈባቸው መጠን የሚገበያይባቸው የለም። የሚሸጡት በብሩ የዕለት ዋጋ ላይ የአምራቹና የነጋዴው ትርፍ ተጨምሮ ነው። በመልካቸው ገንዘብ፣ በተግባራቸው ጥሬ ብር ናቸው ማለት ነው።

ቻይና ከ1983 ጀምሮ ፓንዳን በብር ላይ ስትቀርጽ ኖራለች (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። አውስትራሊያ ከ1990 ጀምሮ ኩካቡራ የተባለችውን ወፍ፣ ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ኮዋላን አውጥታለች። ካናዳ ከ2011 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ተኩላንና ድብን ጨምሮ ስድስት እንስሳትን በየተራ አንድ አንድ ሚሊዮን መሐለቅ አስመትታለች። ከአፍሪካም በሶማሊያ ስም ከ2004 ጀምሮ ዝሆን፣ በሩዋንዳ ስም ከ2008 ጀምሮ ጎሪላና ሌሎች አራዊት ወጥተዋል።

የዚህ ስብስብ ጠበቆች ሦስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ መሐለቆቹ በኪስ የሚያዙ የሥነ ጥበብ ሥራዎች ናቸው ይላሉ። ሁለተኛ፣ የአውሬውን መልክ በማስተዋወቅ አውሬውን ከጥፋት ይጠብቃሉ ይላሉ። ሦስተኛ፣ ትንሽ ገቢ ላለው ሰው አስተማማኝ ቁጠባ ናቸው ይላሉ። ሦስቱም ክርክሮች በየተራ መመርመር አለባቸው፤ ሦስቱም ጥቂት እውነት ይዘው ብዙ ነገር የሚሸፍኑ ናቸውና።

ከሥነ ጥበቡ ክርክር እንነሣ ቢባል፣ የቀራጩ ሙያ ከፍተኛ መሆኑን የሚክድ ፍርደ ገምድል ነው። ዝሆንን የሚያህል ግዙፍ ፍጡር ከአራት ሣንቲ ሜትር በማይበልጥ ክብ ውስጥ ማስገባት፣ የቆዳውን ሽብሽብ፣ የጆሮውን ዝርግታ፣ የኩምቢውን እጥፋት ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ከፍታ ማሳየት የዓመታት ልምድ ይጠይቃል። ነገር ግን ሙያው ከፍ ያለ መሆኑ ሥራው የማን ነው የሚለውን ጥያቄ አይመልስም።

በሶማሊያ ስም የሚወጣው የዝሆን መሐለቅ የሚመታው በጀርመን አገር፣ ሙኒክ ከተማ በሚገኘው የባቫሪያ መንግሥት የገንዘብ መምቻ ቤት ነው። ይኸው የዝሆን ተከታታይ መጀመሪያ ሲወጣ በዛምቢያ ስም ነበር። በ2004 ዝሆኑ እዚያው ሙኒክ እንደቆመ ስሙ ከዛምቢያ ወደ ሶማሊያ ተለወጠ። በዚያን ዓመት ሶማሊያ ማዕከላዊ መንግሥቷ ከፈረሰ 13 ዓመት ሆኖት ነበር፤ የሽግግር መንግሥት የተቋቋመውም በጥቅምት 2004 በጎረቤት አገር ዋና ከተማ በናይሮቢ ነው። በመሐለቁ ላይ የተጻፈው 100 ሽልንግ በሶማሊያ ገበያ ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም በታች የሚያወጣ በመሆኑ ሞቃዲሾ ውስጥ ሻይ የሚቀዳበት ገንዘብ አይደለም። ዝሆኑም ቢሆን በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በጥርስ አዳኞች ጥይት በሶማሊያ ምድር ሊጠፋ ምንም ያህል አልቀረውም። እንግዲህ አውሬው በአገሩ ሊጠፋ ደርሷል፤ ገንዘቡ በአገሩ አይሠራም፤ መምቻው በአገሩ አልቆመም፤ የአገሩ ስም ብቻ በብሩ ላይ አለ።

የሩዋንዳውም ተከታታይ ከዚህ የሚያንስ ትምህርት አይሰጥም። በ2008 በጎሪላ መጀመሩ ተገቢ ነበር፤ የተራራው ጎሪላ በእርግጥ የሩዋንዳ ጌጥ ነውና። በ2016 ግን በዚያው በሩዋንዳ ስም የወጣው መሐለቅ ሚርካት የተባለችውን ትንሽ አውሬ ይዞ ብቅ አለ። ሚርካት በናሚቢያ፣ በቦትስዋናና በደቡብ አፍሪካ ደረቅ ምድር የምትኖር ናት፤ በሩዋንዳ ኮረብታዎች ላይ አትገኝም። የሩዋንዳ ሕፃን በአገሩ ስም በወጣ መሐለቅ ላይ በአገሩ የማይኖር እንስሳ ያያል፤ ያውም መሐለቁ እጁ ከደረሰ ነው። አፍሪካ ሁሉ አንድ ሜዳ፣ አራዊቷም ሁሉ አንድ መንጋ ለሚመስለው ገዢ ግን ልዩነቱ አይታየውም።

ለመሆኑ ጥሬ ብር የሚሸጥ ነጋዴ የአገር ስም ለምን ይፈልጋል? መልሱ በከፊል በግብር ሕግ ውስጥ ይገኛል። በጀርመን ከ2007 እስከ 2013 መጨረሻ ድረስ ጥፍጥፍ ብር የሚገዛ ሰው 19 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲከፍል፣ ያው ብር መሐለቅ ሆኖ ቢቀርብለት የሚከፍለው 7 በመቶ ብቻ ነበር። አንድ ቁራጭ ብር ደግሞ መሐለቅ የሚባለው የአንድ መንግሥት ስም ሲያርፍበት ነው። በዚህ ሰበብ የአገር ስም የ12 በመቶ ዋጋ አገኘ፤ አውሬው ደግሞ የዚያ ስም ማስጌጫ ሆነ። ይህን የሚያውቅ አንባቢ መሐለቁን ሲያይ ከዝሆኑ በስተጀርባ የሒሳብ ሠራተኛውን ማየት ይችላል።

ምስል ሌላውን ነገር ሊሸፍን እንደሚችል የሚያስረዳ የቆየ ምሳሌም አለ። በ1967 የደቡብ አፍሪካ መንግሥት የወርቅ ምርቱን ለዓለም ለመሸጥ ክሩገርራንድ የተባለውን መሐለቅ ሲያወጣ በጀርባው ላይ ስፕሪንግቦክ የተባለውን ፈጣንና ቀጭን ሚዳቋ አስቀረጸ። ሚዳቋው ያማረ ነበር። ነገር ግን ወርቁን ከምድር ሆድ ያወጣው ጥቁር ሠራተኛ በአፓርታይድ ሕግ በገዛ አገሩ የይለፍ ወረቀት ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ነበር። አሜሪካ በ1985 መሐለቁ ወደ አገሯ እንዳይገባ የከለከለችው ሚዳቋው ስላስቀየማት አልነበረም። ዓለም ከውበቱ በስተጀርባ ያለውን ሰው ለማየት 18 ዓመት ወሰደበት። የብር ክሩገርራንድ መመታት የጀመረው አፓርታይድ ከወደቀ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2017 በመሆኑ ያ ወቀሳ አይመለከተውም፤ ትምህርቱ ግን ለብሩም ይሠራል።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል፤ ኢትዮጵያ ራሷ ለዘመናት የተገበያየችው የባዕድ ንግሥት መልክ ባለበት ብር አልነበረምን? ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር የሚባለው የኦስትሪያ መሐለቅ ምንጊዜም ቢመታ 1780 የሚለውን ዘመን እንደያዘ ወደ አገር ሲገባ ኖሯል። 28 ግራም ያህል የሚመዝነው ይህ ብር በአገሬው እጅ የነበረው ታሪክ ግን የተለየ ነው። ነጋዴው በንግሥቲቱ ደረትና ዘውድ ላይ ያሉትን የጌጥ ፍሬዎች እየቆጠረ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለይቶበታል። ወርቅና ዝባድ የሚመዘንበት ወቄት ክብደቱን የወሰደው ከእርሱ ነው። ጥሎሽ ተጥሎበታል፣ በሬ ተገዝቶበታል፣ ግብር ተከፍሎበታል። ከዚያም አንጥረኛው፣ ያ በሙያው እየተፈለገ በስሙ እየተናቀ የኖረው ጠቢብ፣ በእሳት አቅልጦ መስቀል፣ ድሪና አልቦ አድርጎታል። የአማርኛ ቋንቋም ማዕድኑንና ገንዘቡን በአንድ ቃል ብር ብሎ ጠርቷል። ስለዚህ የባዕዱ መልክ በሕዝብ እጅ በማለፉ የሕዝብ ሆነ። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. የገንዘብ አዋጅ ወጥቶ ጠገራው ሲተካ እንኳ፣ ብር መዳሰስ የለመደው ሕዝብ ወረቀቱን እንዲያምን ከኖቶቹ ጋር የብር ሃምሳ ሳንቲም እንዲወጣ ግድ ሆኗል። መሐለቅን የሕዝብ የሚያደርገው እጅ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ የለም።

የዛሬው ሰብሳቢ ሥርዓት ይህንኑ እጅ ያባርራል። መሐለቁ ከመምቻው ሲወጣ በፕላስቲክ ልባስ ይታሸጋል። በጣት መንካት ክልክል ነው፤ ግድ ከሆነም በጥጥ ጓንት ጠርዙን ብቻ ይዞ ነው። የአንድ ሰው የጣት አሻራ ካረፈበት ዋጋው ይቀንሳል። የሰው እጅ ሲነካው የሚረክስ ሥዕል የሥነ ጥበብ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ የሕዝብ ሥነ ጥበብ ነው ብሎ መከራከር ግን አይቻልም።

ወደ ሁለተኛው ክርክር፣ ወደ አራዊት ጥበቃው ሲታለፍ ከኢትዮጵያ የቀረበ ምስክር የለም። በ1974 የዓለም የዱር አራዊት ፈንድና የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከብሪታንያ የገንዘብ መምቻ ቤት ጋር ሆነው በብዙ አገሮች ስም የአራዊት መሐለቆችን ማውጣት ጀመሩ። ከሽያጩ የተወሰነ ድርሻ ለጥበቃ እንዲውል ታስቦ ነበር። ኢትዮጵያም በ1970 ዓ.ም. ተካፈለች። በ10 ብሩ መሐለቅ ላይ አጥንት ከሰማይ በቋጥኝ ላይ እየጣለ የሚሰብረው ጢማሙ ጥንብ አንሳ፣ በ25 ብሩ ላይ የደጋ አጋዘን ወጡ፤ ሁለቱም ብር ናቸው። በ600 ብሩ የወርቅ መሐለቅ ላይ ደግሞ ዋልያ ወጣ። ቁጥራቸው ጥቂት ሺህ ብቻ ስለነበረ ወደ ውጭ ሰብሳቢዎች ሣጥን ገቡ። በባሌ ተራራ ግርጌ የሚኖር አርብቶ አደር ወይም በሰሜን ደባርቅ የሚያስተምር መምህር አይቷቸው አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው ዓመት ማለትም በ1978 የሰሜን ተራሮች ፓርክ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ሆነ። የዋልያው መልክ በወርቅ ከተቀረጸ 18 ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ የዋልያው ቁጥር መመናመንና የፓርኩ መጎዳት ተጠቅሶ ያው ፓርክ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። በመካከሉ ምን ተሠራ? ስካውቶች በብርድና በገደል ጥበቃ ቆሙ፤ የፓርኩ ክልል ተሰፋ፤ በፓርኩ ውስጥ ያልፍ ለነበረው መንገድ አማራጭ ተፈለገ፤ የግጭ መንደር ገበሬዎች የአባቶቻቸውን ማሳና ቤት ትተው በሌላ ሥፍራ ሰፈሩ። ዋጋው የተከፈለው በእነዚህ ሰዎች ነው። የዋልያ ጉዳይ ዛሬም የተዘጋ ፋይል አይደለም። ለወደፊቱም ቢሆን ዋልያውን የሚያድነው ጥበቃ የሚቆመው ሰውና ከመሬቱ የተነሣው ገበሬ የሚያገኘው ፍትሕ እንጂ በባዕድ አገር መሳቢያ ውስጥ የተኛ ወርቅ አይደለም።

በብረቱም በኩል አንድ ነገር ይታወስ። አብዛኛው አዲስ ብር ከእርሳስ፣ ከዚንክ፣ ከመዳብና ከወርቅ ማዕድን ጋር ተያይዞ የሚወጣ ነው። ማዕድን ቁፋሮ ተራራ ይንዳል፣ ውኃ ይበክላል፣ የአውሬውን መኖሪያ ይወስዳል። የአውሬውን መልክ ለመቅረጽ የአውሬውን ዱር መቆፈር ጥበቃ ተብሎ ሲሸጥ ቢያንስ የሽያጭ ቃሉ ይመርመር።

ሦስተኛው የቁጠባ ክርክር አጭር መልስ ይበቃዋል። ብር ጥንታዊ ሀብት ማስቀመጫ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ዋጋው እንደ ክረምት ወንዝ ነው። በጥር 1980 አንድ አውንስ ወደ 50 ዶላር ተጠግቶ ነበር፤ መጋቢት 27 ቀን 1980 በተባለው ሐሙስ ከ11 ዶላር በታች ወረደ። መሐለቅ ሰብሳቢው ደግሞ ከዚህ በተጨማሪ ሲገዛ ከብሩ በላይ ለሥዕሉ ይከፍላል፤ ሲሸጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚመዘንለት ብሩ ብቻ ነው። የዝሆኑ አቋቋም በየዓመቱ የሚለወጠውም ለዚሁ ነው። አምና የገዛ ሰው ዘንድሮ ካልገዛ ስብስቡ ጎዶሎ ይሆንበታል። ለቁጠባ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥፍጥፉ ይበቃ ነበር፤ ሥዕሉ የገባው ገዢው በየዓመቱ እንዲመለስ ነው።

ይህ ሁሉ ሰብሳቢውን ለመወንጀል አይደለም። በውበት ተስቦ አንድ ፓንዳ ወይም አንድ ኮዋላ የገዛ ሰው ጥፋተኛ አይደለም። ቻይና፣ አውስትራሊያና ካናዳ የሚያሳዩት ነገርም አለ፤ አራዊታቸውን በገዛ አገራቸው መምቻ ቤት ይመታሉ፤ ሥዕሉም፣ ሙያውም፣ ትርፉም ከእጃቸው አይወጣም። ጥፋቱ ያለው ስሙንና አውሬውን አውጥቶ በሚያከራይና ምን እንደተቀበለ ለሕዝቡ በማይናገር አሠራር ላይ ነው።

ለአፍሪካ አገሮች የሚበጀው መንገድ ግልጽ ነው። አንድ መንግሥት ስሙንና የአገሩን አውሬ ለመሐለቅ ሲያውል ውሉ ለሕዝብ ይታወቅ። ሥዕሉ በአገሩ ሠዓልያን ውድድር ይመረጥ፤ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሚወጡ ሠዓልያንና ቀራጮች የደጋ አጋዘንን ቀንድ ከሙኒክ ቀራጭ ባነሰ አይሥሉትም። ከተመታው ሁሉ የተወሰነው በአገሩ ቤተ መዘክርና ትምህርት ቤቶች ይቀመጥ። ለጥበቃ የተባለው ድርሻ የትኛው ፓርክ፣ የትኛው ስካውት እጅ እንደደረሰ በሒሳብ ይገለጽ። ይህ ሲሟላ የብር መሐለቅ የኩራት ዕቃ ይሆናል፤ ሳይሟላ ግን አገር የራሷን አውሬ በባዕድ መስኮት የምታይበት ነው።

መምህራን ይህን ለማስተማር የብር ዋጋ መክፈል አያስፈልጋቸውም። በ1969 ዓ.ም. የተቀረጹት የኢትዮጵያ ሳንቲሞች የአንበሳ ራስ በአንድ ገጽ ይዘው በሌላው ገጽ አንድ ሳንቲሟ የሚያርስ ገበሬ፣ አሥር ሳንቲሟ የደጋ አጋዘን ይዘው ወጥተዋል። እነዚህም የተመቱት በውጭ አገር እንደነበረ መደበቅ አይገባም። ሆኖም አሥር ሳንቲሟ ለአሥርት ዓመታት በሚሊዮን ኪሶች ውስጥ ገብታ፣ በገበያ፣ በአውቶቡስና በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከእጅ ወደ እጅ አልፋለች። ከውጭ የመጣ ሳይንስ ያንን አጋዘን በ1908 ናሙናውን በገደለው ቡክስተን በተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ ስም ሲጠራው፣ ብዙ የኢትዮጵያ ልጅ መልኩን መጀመሪያ ያየው በዚያች ቢጫ ሳንቲም ላይ ነው። የ25 ብሩን የብር አጋዘን ያየ ግን የለም።

ዛሬ አሥር ሳንቲሟ የመግዛት ኃይሏን በማጣቷ ከገበያ ርቃ በየቤቱ መሳቢያ ተጥላለች። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ለ31 ግራም ብር የሚጓጓ ሰብሳቢ እርሷን አይቆጥራትም። መምህሩ ግን ቆጥሮ ይሰብስባት፤ በክፍል ውስጥ በልጆቹ እጅ ያስይዛት፤ ቀንዱን በጣታቸው ይዳብሱ፤ አውሬው የት እንደሚኖር፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ስሙን ማን እንዳወጣለት ይጠይቃቸው። ሠዓሊውም ልጆቹ ያልነኩትን ብር ትቶ ልጆቹ የነኩትን መዳብ ይመርምር። የሕዝብ ሥነ ጥበብ ሚዛኑ ብዙ እጅ የዳሰሰው መሆኑ እንጂ በውስጡ ስንት አውንስ ብር መኖሩ አይደለም።